ያውቁ ኖሯል? ሐኪሞችም መጽሐፍ ያዛሉ
በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ የሕፃናት ሐኪሞች ለክትትል ለሚመጡ ልጆች የሥዕል መጽሐፍ መስጠት፣ ወላጆችንም አብረው እንዲያነቡ መምከር ጀመሩ። የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2014 ንባቡ ከጨቅላነት ይጀመር አለ። አዎ፣ መጽሐፉን ከማየት መንከስ ለሚቀናው ልጅ ጭምር!

ነገሩ የቃላት ጉዳይ ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ስሌት፣ በቀን አምስት የልጆች መጽሐፍ የሚነበብለት ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው፣ ከሞላ ጎደል ምንም ካልተነበበለት እኩያው 1.4 ሚሊዮን ያህል ቃላት አብልጦ ይሰማል። አምስት መጽሐፍ ለብዙ ቤት ቅንጦት ነው። በቀን አንዱ ብቻ ግን ወደ 300 ሺህ ይጠጋል። ያንኑ መጽሐፍ “ድገሚልኝ” ቢልዎትም አይሰልቹ፤ ልጆች አዲስ ቃል የሚይዙት በድግግሞሽ ነው።

በአማርኛስ? ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳሉ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢያጡ ራሳቸው ጻፉ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። መጽሐፉ ከተገኘ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አያትም ሥዕሉን እያሳዩ የራሳቸውን ተረት ቢያወሩበት ልጁ ቅር አይለውም።