ቱሉ ዲምቱ የተሸከመው ቁጥር

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሐረና ጫካ ከመግባቱ በፊት የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። ጅብራ የቆመበት፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድንበት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም ሜዳ ነው። ከዚያው ላይ የኦሮሚያ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ አለ፤ 4,377 ሜትር። ስለ ቀበሮው ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የምንተዋወቀው ቁጥሩን ነው።

አኃዞቹን እንደምር፦ 4፣ 3፣ 7 እና 7 በአንድ ላይ 21 ይሆናሉ። 21 ለ3 ያለቀሪ ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል፤ ድርሻው 1,459 ነው። ይህ ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ነው። ለማረጋገጥ እስከ 37 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ይበቃል፤ 39 በ39 ሲባዛ 1,459ን ያልፋልና። አንዱም አይገባለትም። ስለዚህ የ4,377 አካፋዮች አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 3፣ 1,459 እና ራሱ። እስከዚህ ድረስ ተራ ቁጥር ነው፤ እንዲህ ያለ ሞልቷል።

ጉዱ ያለው ከ1,459 ላይ 1 ስንቀንስ ነው። የሚቀረው 1,458 አንድ 2 እና ስድስት 3 ተባዝተው የሚሰጡት ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ከአስር ይልቅ በሦስት ብንቆጥር ኖሮ 4,377 የሚጻፈው 20000010 ተብሎ ነበር።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የሒሳብ ሊቁ ጋውስ በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1796፣ 17 እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ያለው ቅርጽ በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ሊሣል እንደሚችል አሳየ። 4,377 ጎን ያለውን ግን በእነዚህ ብቻ መሣል አይቻልም። ለዚያ 1,458 ሁለትን ብቻ ደጋግሞ በማባዛት የሚገኝ መሆን ነበረበት፤ ሦስቶቹ አበላሹት። ማዕዘንን ለሦስት እኩል የሚከፍል መሣሪያ ሲጨመር ግን ሦስቶቹም ይፈቀዳሉ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1988 ሌላው የሒሳብ ሊቅ አንድሩ ግሊሰን አብራርቶ ጽፎታል። እንደ 1,459 ያሉትም ቀደም ሲል ጉዳዩን ባጠናው በጄምስ ፒርፖንት ስም የፒርፖንት ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ። እርግጥ ቅርጹ ቢሣልም ዓይን ከክብ አይለየውም።

በግዕዝ አኃዝ ፵፫፻፸፯ ብንለውም ጠባዩ ያው ነው። የተራራ ቁመት ግን እንዲህ አይጸናም፤ ራስ ዳሸን ለረጅም ጊዜ 4,620 ሜትር ሲባል ኖሮ ዛሬ 4,550 ይባላል። ቱሉ ዲምቱም እንደገና ተለክቶ አንድ ሜትር ቢቀንስ 4,376፣ ቢጨምር 4,378 ይሆናል። የመጀመሪያው 547 የተባለ፣ ሁለተኛው ደግሞ 11 እና 199 የተባሉ፣ የፒርፖንት ያልሆኑ ብቸኛ አካፋዮች ስላሉባቸው፣ የግሊሰን መሣሪያ ተጨምሮም የሁለቱ ቅርጽ አይሣልም።