ስለ እናት ውፍረትና ሞቶ ስለሚወለድ ሕፃን

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ አንዲት ወይዘሮ ትዳር ይዛ ጥቂት ዓመት ከቆየች በኋላ ሰውነቷ ሲሞላ ያየ ዘመድ «ተመችቷታል» ይላል። የከሳችውን ግን «ምን ነክቶሽ ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። ይህ አነጋገር ከየት እንደ መጣ ለመረዳት አያስቸግርም። አገራችን ረኀብንና የሳንባ ነቀርሳን ለብዙ ዘመን ያየች ስለሆነች፣ ሥጋ መልበስ የጥጋብ፣ መክሳትም የደዌ ምልክት ሆኖ ኖሯል። ዛሬም ቢሆን በገጠር ስላለችው እናት ይህ አስተያየት በአብዛኛው ስሕተት አይደለም። ለከተማዪቱ እመቤት ግን ነገሩ ተለውጧል። በዚህ ወር ልናስረዳ የፈለግነውም ከመጠን ያለፈ ውፍረት በማሕፀን ባለው ሕፃን ላይ ስለሚያመጣው አደጋ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች መካከል ከመቶው 22 ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 ደግሞ ከሚገባው በላይ የከበዱ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ 8 የተባለው ቁጥር በ1992 ዓ.ም. 3 ብቻ ነበር። ከተማና ገጠር ተለይቶ ሲታይ ልዩነቱ የበለጠ ይጎላል፤ በገጠር ከመቶው 4 ያህል ሲሆን በከተማ 21 ነው፤ ይኸውም ከአምስት የከተማ ሴቶች አንዷ ማለት ነው።

ምክንያቱን ሩቅ ሄደን አንፈልግም። ቀድሞ በእግር ይወጣ የነበረው ዳገት ዛሬ በባጃጅ ይወጣል፤ ሻዩ ስኳር ይበዛበታል፤ ለእንግዳ የሚቀርበው ለስላሳ ነው፤ ወጡም በሚረጋ ዘይት ይሠራል። ወለጋ ደግሞ ቅቤ የማይሰሰትበት አገር ነው። ጩምቦውና ጭኮው ግን መጀመሪያ የተበጁት ቀኑን ሙሉ ሲያርስና ሲያርም ለሚውል ሰው ነው እንጂ በወንበር ተቀምጦ ለሚውል አይደለም።

ውፍረት በዓይን ግምት ብቻ አይታወቅም። የሚለካበትን ስሌት መምህራን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያሳዩት ይችላሉ፤ የሰውየው ክብደት በኪሎ ተወስዶ፣ ቁመቱ በሜትር በራሱ ሲባዛ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። አንዲት ሴት ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ብትሆን፣ 1.6 በ1.6 ሲባዛ 2.56 ይሆናል። ክብደቷ 64 ኪሎ ቢሆን ውጤቱ 25 ነው፤ ከዚህ በላይ ያለው ከመጠን ማለፍ ይባላል። 77 ኪሎ ስትደርስ ውጤቱ 30 ይሆናል፤ ሐኪሞች ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሚሉትም ከዚህ ይጀምራል። በአንጻሩ ከ47 ኪሎ በታች ብትሆን ከስታለች ይባላል። ይህ ስሌት ለነፍሰ ጡር የሚያገለግለው ከማርገዟ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት በተመዘነው ክብደት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕፃኑም፣ እንግዴ ልጁም፣ የሽርት ውሃውም አብረው ይመዘናሉና።

ሞቶ የተወለደ የሚባለው ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሕይወት ምልክት ሳይታይበት የተወለደ ሕፃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት በዚህ ሁኔታ ተወልደዋል፤ ወደ ግማሽ የሚጠጉትም የሞቱት ምጥ ከጀመረ በኋላ ነው። እንዲህ ላለው ሕፃን ብዙ ጊዜ ድንኳን አይጣልም፤ ስምም አይወጣለትም። ስለዚህ ሐዘኑ በእናቲቱ ልብ ብቻ ይቀራል፤ ምክንያቱም ሳይመረመር ይታለፋል። አንዱ ጎረቤት «ሾተላይ ነው» ይላል፤ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል። ሾተላይ የሚባለው የእናትና የሕፃን ደም ዓይነት አለመስማማት በእርግጥ አለ፤ መከላከያ መርፌም አለው። ነገር ግን ልጅ የሞተባት ሁሉ ሾተላይ አለባት ማለት አይደለም።

በአገራችን ሕፃናት ሞተው ከሚወለዱባቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ የምጥ መራዘም፣ የደም መፍሰስ፣ የደም ግፊት፣ ቂጥኝ፣ እንደ ዴዴሳ ሸለቆ ባለው ቆላ ደግሞ ወባ ናቸው፤ የመንገድ ርቀትም ሁሉንም ያባብሳል። ውፍረት ከነዚህ ጋር አይስተካከልም። ሆኖም በከተማ ቁጥሩ እየጨመረ በመሄዱ፣ ማንም ደግሞ እንደ አደጋ ስለማይቆጥረው ለብቻው መነገር ይገባዋል ብለናል።

አደጋው የሚመጣበት መንገድ እንዲህ ነው። እንግዴ ልጅ ለሕፃኑ እንደ ሳንባም እንደ ሆድም ሆኖ ያገለግላል፤ አየርና ምግብ በቀጫጭን የደም ሥሮች ከእናቲቱ ወደ እርሱ ይደርሳሉ። ውፍረት ከልክ ሲያልፍ የደም ግፊት ይከተላል፤ በደም ውስጥ ስኳርና ስብ ይበዛል፤ የነዚያ ሥሮች ግድግዳም ይጎዳል። ሕፃኑ የሚደርሰው አየር እያነሰ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይዳከማል፤ እናቲቱ ግን ምንም ሕመም ላይሰማት ይችላል። የስኳር በሽታ ሲኖር ደግሞ ሕፃኑ ከሚገባው በላይ ይገዝፋል፤ በምጥ ጊዜ ራሱ ከወጣ በኋላ ትከሻው ይያዛል። በዚህ ላይ ሆድ ሲወፍር አዋላጂቱ በእጇ ዳስሳ የሕፃኑን ዕድገትና አቀማመጥ ለማወቅ ትቸገራለች።

የአደጋው መጠን ሊጋነንም ሊናቅም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 38 ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠቃለለ ምርመራ እንዳሳየው፣ ከላይ ባስረዳነው ስሌት 20 ላይ ካሉት እናቶች ከ10,000 እርግዝና 40 ያህል፣ 25 ላይ ካሉት 48፣ 30 ላይ ካሉት 59 ሕፃናት ሞተው ይወለዳሉ፤ ከዚያ በላይ ሲኬድ አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። እንግዲህ ከወፍራም እናቶች እጅግ የሚበዙት ልጃቸውን በሕይወት ይታቀፋሉ፤ የወፈረችውን ሴት ልጇን ገዳይ አድርጎ ማየትም ጭካኔ ነው።

ስለ አራስ ቤት ጥቂት ማለት አለብን። የወለደች ሴት ገንፎ በቅቤ እየተሠራላት፣ ከሥራ ዐርፋ፣ ጠያቂ እየጎረፈላት መሰንበቷ መልካም ልማድ ነው፤ የምታጠባ እናት ምግብ ያስፈልጋታልና አንነቅፈውም። ችግሩ የአራስነቱ ወራት አልፈው ገንፎውና ዕረፍቱ ሲቀጥሉ ነው። በመጀመሪያው ልጅ የተጨመረው ኪሎ ሳይወርድ ሁለተኛው ይረገዛል፤ በዚያም ላይ ሌላ ይጨመራል። በስዊድን አገር ከ150,000 በላይ እናቶችን ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው እርግዝና የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ በሁለቱ መካከል ስሌታቸው በ3 ወይም ከዚያ በላይ የጨመረ ሴቶች ሞቶ የተወለደ ልጅ የማግኘት አደጋቸው በ63 ከመቶ ከፍ ብሎ እንደ ተገኘ ገልጿል። 3 ማለት 1 ሜትር ከ60 ቁመት ላላት ሴት 8 ኪሎ ያህል ነው። የሚያስደንቀው፣ ጭማሪው የጎዳው ቀድሞ ወፍራም የነበሩትን ብቻ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ አማትም ሆነች እናት የአራሷ ሰውነት ከጠና በኋላ «ትንሽ ተራመጂ» ቢሏት አልጨከኑባትም።

በእርግዝና ጊዜ ግን ለመክሳት ብሎ መራብ ፈጽሞ አይገባም። ክብደት የሚቀነሰው ከማርገዝ በፊት ነው። ነፍሰ ጡር በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ትመገብ ተብሎ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ትምህርት ለከሳችና ለመካከለኛ ሴት የታሰበ ነው፤ እጅግ የወፈረችው ምን ያህል መመገብ እንደሚገባት ከአዋላጂቱ ጋር ትመካከር። መካከለኛ ክብደት ያላት ሴት በእርግዝናዋ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ተገቢ ሲሆን፣ እጅግ ለወፈረችው ከ5 እስከ 9 ኪሎ ይበቃል። ቅቤው፣ ስኳሩና ለስላሳው ይቀነስ፤ ጎመኑ፣ ባቄላው፣ አተሩ፣ ያለ ብዙ ቅቤ የተቀቀለው አንጮቴም ይብዛ። ሐኪም ካልከለከለ በቀር በየቀኑ በእግር መንሸራሸር ይጠቅማል።

ክትትሉም በሦስተኛው ወር ሳያልፍ ይጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ስምንት ጊዜ መታየትን ይመክራል፤ በአገራችን ግን በ2011 ዓ.ም. አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት ከመቶው 43 ብቻ ነበሩ። የወፈረች እናት የደም ግፊቷ በየጊዜው ይለካ፤ ክንዷ ወፍራም ከሆነ ሰፊው መለኪያ እንዲታሰርላት ትጠይቅ፤ ጠባቡ ግፊቱን ከእውነተኛው አብልጦ ያሳያልና። የስኳር ምርመራም በስድስተኛው ወር ገደማ ይደረግላት። የምትወልደው ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል ቢሆን ይመረጣል፤ ይህም በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በአይራ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ አለ። ከሰባተኛው ወር በኋላ በጀርባ ሳይሆን በጎን መተኛት ይሻላል።

ሕፃኑ ሊወለድ ሲቃረብ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ ይህ እውነት አይደለም። እናት የለመደችው እንቅስቃሴ ሲያንስ ወይም ሲቀር ለነገ ሳትል በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ባልም ባጃጁን ለዚህ ይጥራ።

ከዚህ ቀደም ሞቶ የተወለደ ልጅ ያጋጠማት እናት ደግሞ፣ ዳግመኛ ሳታረግዝ የደም ግፊቷን፣ ስኳሯን፣ የደም ዓይነቷንና የቂጥኝ ምርመራዋን አሠርታ፣ ክብደቷንም ተመዝና፣ የቀድሞውን ወሊድ ወረቀት ይዛ ለሐኪም ታሳይ።