አረጋውያኑ ፍቅረኞች በመዳብ ላይ

በባሮክ ዘመን፣ ይኸውም በተለይ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ አውሮፓ ውስጥ በታተሙ ሥዕሎች ላይ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ተረት ፍቅረኞች በብዛት ይገኛሉ። አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ያውም እርቃናቸውን የሆኑ ናቸው። እኛ ግን ለዛሬ የመረጥነው የአንድ ሽማግሌና የአንዲት አሮጊት ፍቅርን ነው። ለመሆኑ ፍቅር የወጣት ብቻ ነው ያለው ማነው?

ባልየው ፊሌሞን፣ ሚስትየዋ ባውኪስ ይባላሉ። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ እንደሚተርከው፣ ጁፒተርና ሜርኩሪ የተባሉ አማልክት መንገደኛ መስለው በፍርግያ (በዛሬዪቱ ቱርክ) ቤት ለቤት ቢዞሩ ሁሉም በሩን ዘጋባቸው። የተቀበሏቸው እነዚህ ድሆች ብቻ ናቸው። የአብርሃምን እንግዶች ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ብዙም አዲስ አይሆንበትም። በኋላም አማልክቱ ማንነታቸውን ገልጠው «ምን እናድርግላችሁ?» ሲሏቸው፣ ባልና ሚስቱ ተመካክረው በአንድ ሰዓት መሞትን ለመኑ፤ እሱ የሷን፣ እሷም የሱን መቃብር እንዳያዩ። ጊዜው ሲደርስ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዛፎች ሆኑ።

ይህን ታሪክ ጀርመናዊው አዳም ኤልስሃይመር ሮማ ሳለ ከደብተር ገጽ እምብዛም በማይበልጥ መዳብ ላይ በቀለም ሣለው። እሱም በ1610 (እ.ኤ.አ.) በ32 ዓመቱ ሞተ። በ1612 ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ጋውት ያንኑ ሥዕል በሌላ መዳብ ላይ ቀርጾ አሳተመው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሹል መቅረጫ መዳቡን እየፋቀ ቀጫጭን ቦይ ያወጣል። ቀለም ቦዩን ይሞላል፤ ላዩ ይጠረጋል፤ ከዚያም እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያ ሲጨመቅ ወረቀቱ ቀለሙን ይስባል። መስመር የበዛበት ይጠቁራል፣ ያልተነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የጋውት ጎጆ ደግሞ ሌሊት ነው! ያን ሁሉ ጨለማ የሠራው መስመር በመስመር ላይ እየደረበ በእጁ ነው፤ የመብራቱ ብርሃን ግን ባዶ ወረቀት ነው እኮ። በዚያች ብርሃን ባውኪስ ለእንግዶቹ ጨርቅ ይዛ ትመጣለች፣ ፊሌሞንም ምግብ ያመጣል። እነዚህ ፍቅረኞች ተቃቅፈው አይታዩም፤ ሥራ ላይ ናቸው።

ኢጣሊያን ያላየው ሬምብራንትም የኤልስሃይመርን ጎጆ ያገኘው በጋውት ኅትመት በኩል ነው። በ1658 እሱም በተራው ሣላቸው፤ ሁለቱ ያለቻቸውን አንዲት ዝይ ለእንግዶቹ ሊያርዱ ሲጣጣሩ።