ድርቅን የሚችል ማሽላ ከየት ይመጣል?

በከሚሴና በአካባቢዋ ማሽላ ዋና እህል መሆኑ የታወቀ ነው። ገበሬው ረጅሙን ማሽላ በሚያዝያ ዝናብ ይዘራል፤ የሚያጭደው ግን ከክረምት በኋላ ነው። ታዲያ የበልጉ ዝናብ ሲቀር፣ ወይም የክረምቱ ቶሎ ሲያቋርጥ፣ ማሽላው ፍሬ በሚይዝበት ሰዓት ውሃ ያጥረዋል። ቅጠሉ ይደርቃል፣ አገዳው ይወድቃል፣ ፍሬውም ይጫጫል። ምን ይደረግ?

ከመልሶቹ አንዱ የተገኘው ከራሳችን አገር ማሽላ ነው። በዓለም የታወቀው «ቢ-35» የተባለ ዘር የተወለደው ከኢትዮጵያ ማሽላ ነው። ይህ ዘር ድርቅ ቢመታውም ቅጠሉ ቶሎ አይደርቅም። ምስጢሩ ቁጠባ ነው። ቅጠሉን ስለማያበዛ የመሬቱን ውሃ ሳያብብ አይጨርስም፤ ለፍሬው ያስተርፋል። ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ የሚያወርሱ 4 ዋና ዋና ቦታዎችን በክሮሞሶሞቹ ላይ ለይተዋል።

ማዳቀሉስ እንዴት ነው? ገበሬው የሚወደውን ማሽላ ከዚህኛው ጋር ያዳቅሉታል። የመጀመሪያው ልጅ ከሁለቱም እኩል 50 በመቶ ይወርሳል። ልጁን መልሰው ከገበሬው ማሽላ ጋር ሲያዳቅሉት የገበሬው ድርሻ በአማካይ 75፣ ቀጥሎ 87.5፣ ከዚያም 93.75 በመቶ ይደርሳል። በየዙሩ የተፈለገውን ጂን የያዘው ቡቃያ ብቻ ይመረጣል። ድሮ ይህን ለመለየት ድርቅ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነበር፤ ዛሬ ግን ከቡቃያው ትንሽ ቅጠል ቆርጦ ዲኤንኤውን መመርመር ይበቃል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። አዳቃዩ የሚመርጠው ካለው ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ክፍል የበለጸገ ማሽላ መገኘቱ ሲገለጽ፣ ዘሩ ከወሎ የተሰበሰበ ነበር። ገበሬው ግን «ወተት በጉንጬ» እያለ ጣዕሙን አስቀድሞ ያውቀው ነበር! እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ባንክ እንዲህ ያለውን ሀብት ሲሰበስብ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ዝናቡ ሲያጥር ገበሬው ቶሎ ወደሚደርስ ዘር መዞሩ አይቀርም፤ አይፈረድበትምም። ያኔ የተተወው ዘር ጎተራም ባንክም ካልገባ ጂኑ አብሮት ይጠፋል።

ስለዚህ ዕጩ መምህራን፣ ነገ በየቀበሌው ስታስተምሩ ተማሪዎቻችሁ ከየቤታቸው የማሽላ ዘር ከነስሙ እንዲያመጡ አድርጉ። የትኛው ድርቅ እንደሚችል፣ የትኛውን ወፍ እንደማይደፍረው አያቶቻቸውን ይጠይቁ። የዘር ውርስ ትምህርት ከዚያ ቢጀምር ከሰሌዳ ይልቅ ልብ ላይ ይቀራል።