እንሽላሊት በፎገራ ብርድ

በይፋግና በወረታ ዙሪያ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ቀኑ ሞቃት ቢሆንም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረዱ እንግዳ ነገር አይደለም። ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ መሬቱ ቀን የተቀበለውን ሙቀት የሚያስቀርለት የደመና ሽፋን ያጣል፤ ወደ ጉና ተራራ ከሚያመሩት ተዳፋቶች የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም ከባድ በመሆኑ ዝቅተኛው ስፍራ ላይ ይተኛል።

እንሽላሊት፣ እስስትና በጣና ዳርቻ የሚታየው አርጃኖ የሰውነታቸውን ሙቀት በዋናነት ከውጭ የሚያገኙ፣ በሳይንሱ አጠራር ኤክቶተርም የሚባሉ እንስሳት ናቸው። አካላቸውን ለማሞቅ ምግብ ስለማያቃጥሉ፣ በመጠን ከሚስተካከላቸው አጥቢ እንስሳ እጅግ ባነሰ ቀለብ ይኖራሉ፤ ለዚህ ቁጠባ የሚከፍሉት ዋጋ ግን ብርድ በመጣ ጊዜ የጡንቻቸው እንቅስቃሴ፣ የምግብ መፈጨቱ ሂደትና በሽታን የመከላከል አቅማቸው በአንድነት መዳከሙ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት በአንድ ሌሊት ሙቀቱ ወደ 4.4 ዲግሪ በወረደ ጊዜ፣ ኢጓና የተባሉት ትላልቅ እንሽላሊቶች ደንዝዘው ከዛፍ ላይ ወድቀዋል፤ የሞቱ የመሰሉ አንዳንዶቹም ፀሐይ ሲያገኛቸው ነቅተዋል።

የፎገራው እንሽላሊት ሌሊቱን የሚያልፈው ብርዱን ተቋቁሞ ሳይሆን ከብርዱ ሸሽቶ ነው። የሜዳው ዋልካ አፈር በበጋ ሲደርቅ በጥልቀት ይሰነጣጠቃል፤ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሲገባም የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት ከሞላ ጎደል ስለሚጠፋ፣ ስንጥቁ ውርጭ የማይደርስበት መጠለያ ይሆናል። በተዳፋቱ ላይ ያለው የድንጋይ ካብም ቀን የሰበሰበውን ሙቀት በዝግታ ይለቃል። ማለዳ ላይ እንስሳው ቆዳውን አጥቁሮና ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ይሞቃል፤ እንግዲህ ከሌሊቱ ብርድ ይልቅ የሚያሰጋው ፀሐይ ያልወጣበት ተከታታይ ቀን ነው።

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳ አያያዝ በአዋጅ የሚገዛ በመሆኑ፣ እስስትን ከቁጥቋጦ አንስቶ ያለ ፈቃድ ማሳደር አይገባም። በሕጋዊ መንገድ እንሽላሊት የሚያኖር ሰው ግን ከሜዳው አሠራር የሚማረው አለ። በግቢ ውስጥ የሚቀመጠው ቤት ከነፋስ የተጋረደ፣ ማለዳ ፀሐይ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለውና ደረቅ አፈር የተሞላ ጥልቅ መደበቂያ የተዘጋጀለት ሊሆን ይገባል፤ እርጥበትና ብርድ ሲገናኙ የሳንባ ሕመም ያስከትላሉና ድርቀቱ ከሙቀቱ ባልተናነሰ ትኩረት ይሻል። ፀሐዩን በመስታወት አሻግሮ መስጠት ያሞቃል እንጂ፣ መስታወት ለቫይታሚን ዲ መፈጠር የሚያስፈልገውን አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚያስቀር የውጭውን ፀሐይ አይተካም።

አሳዳጊዎችን በብዛት የሚያሳስተው የምግብ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የእስስት ምላስ የሚወነጨፈው አስቀድሞ በተለጠጠ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ በተከማቸ ኃይል ስለሆነ በ15 ዲግሪም ፍጥነቱ ብዙ አይቀንስም፤ ምላሱን መልሶ የሚጎትተው ጡንቻ ግን በእጅጉ ይዘገያል። ስለሆነም በቀዝቃዛ ቀን ነፍሳትን ሲያጠምድ የታየ እስስት ጤነኛ ቢመስልም፣ የዋጠውን ለመፍጨት የሚበቃ ሙቀት ላይኖረው ይችላል፤ ያልተፈጨ ምግብ ደግሞ አንጀት ውስጥ ይበሰብሳል። ብርድ በሚጠበቅበት ሳምንት ውኃ ሳይጓደል ምግቡን መቀነስ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ደንዝዞ የተገኘውንም እሳት ዳር ማስቀመጥ፣ የደነዘዘ እንስሳ ከግለቱ መሸሽ ስለማይችል፣ ቆዳውን ያቃጥላል፤ ነፋስ ወደማይገባበት ክፍል ወስዶ በሰዓታት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲሞቅ መተው የተሻለ ነው።