ኮምፒውተሩ ሲቆም ገመዱን ከመንቀል በፊት፦ በሊኑክስ ላይ ለፕሮግራም ክትትል የሚመረጡ መሣሪያዎች

ባለፈው ሩብ ዓመት ለክትትል በሄድንበት አንድ አጥቢያ የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር በሥራ መካከል «ስታክ» ቢያደርግባቸው ጸሐፊው ገመዱን ከሶኬት ነቀሉት። በማግስቱ የሰበካ ጉባኤው አባላት መዝገብ አልከፈት አለ፤ የሦስት ወሩን ክፍያ ከደረሰኝ ቀሪዎች ላይ እንደገና መመዝገብ ግድ ሆነ። ጥፋቱን በጸሐፊው ላይ ልንጭን አንችልም። ሊኑክስን ጭነን ሥልጠናውን የሰጠነው እኛ ስንሆን፣ ኮምፒውተሩ ሲቆም ምን እንደሚደረግ ሳንነግራቸው ቀርተናል። ይህ ጽሑፍ ያን ጉድለት ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

ሊኑክስ ለእያንዳንዱ በሥራ ላይ ላለ ፕሮግራም መለያ ቁጥር ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ሲጨናነቅ ብዙውን ጊዜ መንገዱን የዘጋው አንዱ ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ፣ እርሱን ለይቶ ማስቆም ከተቻለ ሌላው ሥራ ሳይነካ ይተርፋል።

ለዚህ የሚያገለግሉት መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። «ፒኤስ» የተባለው ትእዛዝ የዚያችን ቅጽበት ሁኔታ እንደ ፎቶግራፍ ያሳያል። «ቶፕ» ግን ዝርዝሩን በየ3 ሰከንዱ ገደማ ያድሳል፤ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶችም አስቀድሞ ተጭኖ ይገኛል። «ኤችቶፕ» ብዙ ጊዜ ለብቻው መጫን ቢያስፈልገውም በቀለም የተለየና ለዓይን የቀለለ ነው፤ በቀስት ቁልፎች ፕሮግራሙን መርጦ ኤፍ 9ን በመጫን ማስቆም ይቻላል። ትእዛዝ መጻፍ ለከበዳቸው ደግሞ በማውስ የሚሠራው «ሲስተም ሞኒተር» አለ።

እኛ ለአጥቢያ ጽሕፈት ቤት ኤችቶፕን እንመርጣለን። ነገር ግን ቶፕንም ሁሉም ሠራተኛ ሊያውቀው ይገባል። ምክንያቱም ስክሪኑ ፈጽሞ ሲደርቅ በማውስ የሚሠራው መሣሪያ ራሱ አይከፈትም። በዚያን ጊዜ በብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3 ቁልፎችን በአንድነት ቢጫኑ ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ይመጣል፤ በዚያ ገብቶ ቶፕን መጠቀም ይቻላል። ለመውጣት ኪው የተባለችውን ፊደል መጫን ይበቃል።

በንባቡ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ባዶ ሆኖ የሚታየው የሚሞሪ መጠን ጥቂት ቢሆን መደንገጥ አይገባም፤ ሊኑክስ ሥራ የፈታውን ሚሞሪ ፋይሎችን በፍጥነት ለመክፈት ይጠቀምበታል፣ ፕሮግራም ሲፈልገውም ይለቅለታል። ሊታይ የሚገባው ለአገልግሎት ሊውል የሚችለው መጠን ነው።

ዋናው ጥንቃቄ ግን በማስቆሙ ላይ ነው። ቁጥር 15 የተሰጠው ምልክት ፕሮግራሙን «ሥራህን አጠናቅቀህ ውጣ» እንደማለት ስለሆነ፣ በደንብ የተሠራ ፕሮግራም ፋይሎቹን ዘግቶ ይወጣል። ቁጥር 9 ግን ፋታ አይሰጥም፤ ያልተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ በ15 ጀምሮ ጥቂት መታገሥ፣ እምቢ ካለ ብቻ ወደ 9 መሄድ ይገባል። በ9ም አልቆም ብሎ በዝርዝሩ ላይ ዲ የሚል ፊደል ይዞ የቆየ ፕሮግራም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከሃርድ ዲስክ ወይም ከፍላሽ መልስ እየጠበቀ ነው። ይህ ከተደጋገመ ዲስኩ ሊበላሽ ይሆናልና መዝገቡን ሳይውል ሳያድር ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል።

የምእመናን መዝገብ በመረጃ ቋት የሚያዝበት አጥቢያ ቋቱን በእነዚህ ምልክቶች ባይነካው ይሻላል። እንዲህ ያሉትን አገልግሎቶች በሥርዓት ማስቆምና ማስነሣት የ«ሲስተምሲቲኤል» ሥራ ነው። እንደ ናጊዮስና ዛቢክስ ያሉት ሰፋፊ የክትትል ሥርዓቶች ደግሞ ብዙ ኮምፒውተር ለሚያስተዳድር ሀገረ ስብከት ይጠቅሙ ይሆናል፤ አንድ ኮምፒውተር ላለው አጥቢያ ግን ሸክም ናቸው።

ተራ ተጠቃሚ ማስቆም የሚችለው የራሱን ፕሮግራሞች ብቻ ነው፤ ለቀረው የአስተዳዳሪነት የይለፍ ቃል ይጠየቃል። በጎበኘናቸው አጥቢያዎች ቃሉን የሚያውቀው አንዳንድ ጊዜ ኮምፒውተሩን የጫነው ወጣት ብቻ ነበር። እርሱም ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። የሰበካ ጉባኤው አስተዳደር ቃሉን በታሸገ ፖስታ አድርጎ በቤተ ክርስቲያኑ ካዝና ውስጥ፣ በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ እንዲያስቀምጥ እናሳስባለን።