የማርሽ ዘንግ ለምን ይንኳኳል?

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ወደ ገበያ ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚያመራ ተሽከርካሪ ደጀንን ካለፈ በኋላ ወደ ዐባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍሬን ብቻውን አያስተማምንም፤ ረዘም ላለ ጊዜ ሲረገጥ ይግልና ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ አሽከርካሪው በከባድ ማርሽ ሞተሩን እንደ መግቻ ይጠቀምበታል። እጁ የያዘው የማርሽ ዘንግ «ቅጭ ቅጭ» የሚል ድምፅ ማሰማት ሲጀምር እንግዲህ ጉዳዩ የጆሮ ምቾት ብቻ አይደለም።

ይኸው ድምፅ ለስፖርት መኪና ባለቤቶችም እንግዳ አይደለም። ብዙዎቹ ከፋብሪካው የመጣውን ዘንግ አውጥተው በሌላ አምራች በተሠራ አጭር ዘንግ ይተካሉ፤ ወዲያውም መንኳኳቱ ይከተላል። በአሮጌ ፒካፕም ሆነ በአዲስ የስፖርት መኪና የድምፁ ሳይንስ አንድ ነው።

መፈንቅልና ክፍተት

በካምቢዮው ላይ በቀጥታ የተተከለ የማርሽ ዘንግ መፈንቅል ነው። ከመደገፊያ ነጥቡ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር፣ በታች ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው እንበል። የሁለቱ ንጽጽር 6 ነው። በታችኛው ጫፍ ያለው ቦኮላ አልቆ የግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢፈጠር፣ በእጀታው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ይታያል። እጅ የሚሰማው መላላት ከእውነተኛው ክፍተት ብዙ እጥፍ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የአጭር ዘንግ ሠሪዎች የታችኛውን ክንድ ያስረዝማሉ። 5 ሳንቲ ሜትር የነበረው 7.5 ቢሆን ንጽጽሩ ወደ 4 ይወርዳል፤ የእጅ ጉዞ በአንድ ሦስተኛ ያጥራል። ይሁን እንጂ ሥራ የኃይልና የርቀት ብዜት በመሆኑ፣ የሚያስፈልገው ኃይል አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ከዚህም ሌላ፣ ብዙዎቹ አጫጭር ዘንጎች ለስላሳውን የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቦኮላ በጠንካራ ቁስ ይተካሉ። ማርሹ በትክክል ሲገባ ለእጅ በግልጽ ይሰማል፤ የሞተሩን ንዝረት ያበርድ የነበረው ለስላሳ ክፍል ግን ይጠፋል።

ንዝረቱ መቼ ድምፅ ይሆናል?

አራት ሲሊንደር ያለው ባለ አራት ምት ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር በሴኮንድ 25፣ በ3,000 ዙር ደግሞ በሴኮንድ 100 ግፊት ይሰጣል ማለት ነው።

አንድ ነገር በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ስፋት ወዲያና ወዲህ ይርገብገብ እንበል። ድግግሞሹ በሴኮንድ 25 ሲሆን ከፍተኛው ፍጥንጥነት 2.5 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ያህል ነው። በሴኮንድ 100 ሲሆን ግን ወደ 39.5 ያድጋል፤ ይህም ከመሬት ስበት ፍጥንጥነት አራት እጥፍ ነው። ድግግሞሹ አራት እጥፍ ሲሆን ፍጥንጥነቱ ዐሥራ ስድስት እጥፍ ሆነ።

200 ግራም የሚመዝን ክፍል ከመቀመጫው ሳይለይ በዚህ ፍጥንጥነት አብሮ እንዲንቀሳቀስ 8 ኒውተን ያህል ኃይል ያሻዋል። ሞላው ከዚህ በላይ አጥብቆ ከያዘው ድምፅ የለም። ካነሰ ግን ክፍሉ ከመቀመጫው ተላቆ ተመልሶ ይጋጫል፤ መንኳኳት የሚባለው ይህ ተደጋጋሚ ግጭት ነው።

ድምፁ በአንድ የተወሰነ የሞተር ፍጥነት ብቻ ጎልቶ ከተሰማ ምክንያቱ ሪዞናንስ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ የራሱ የተፈጥሮ ድግግሞሽ አለው፤ ይህም ከግትረቱ ጋር ይጨምራል፣ ከክብደቱ ጋር ይቀንሳል። የሚርገበገበው ግዝፈት አራት እጥፍ ቢሆን ድግግሞሹ በግማሽ ይወርዳል። በመሆኑም ከባድ እጀታ መግጠም አንዳንዴ ድምፁን ያጠፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ዘወትር ወደምንነዳበት ፍጥነት ያመጣዋል።

ምርመራና ጥገና

መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ጎማው በድንጋይ ተደግፎ፣ ሞተሩ በዜሮ ማርሽ ይነሣ። ዘንጉን በእጅ ቀለል አድርጎ ወደ ጎን ሲጫኑት ድምፁ ከቆመ ችግሩ ያለው በዘንጉና በመገጣጠሚያዎቹ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ ከቆመ ግን ምንጩ በካምቢዮው ውስጥ ያሉ ጥርሶች ወይም ኩሽኔታ ሊሆን ስለሚችል ዘንጉን መፍታት ከንቱ ድካም ነው። ካቢናቸው ወደ ፊት በሚታጠፍ የጭነት መኪናዎች ዘንጉ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘው በገመድ ወይም በረጅም ዘንግ በመሆኑ፣ የየጫፉን መገጣጠሚያ መፈተሽ ይገባል።

ጥገናው ሞተሩ ጠፍቶ ይከናወናል። መጀመሪያ የላሉ ብሎኖች ይጠበቃሉ፤ ያለቀ ቦኮላ በልኩ ይለወጣል፤ የደከመ ሞላም ይተካል። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ ቀጭን ሮንዴላ ሊሞላው ይችላል። ከልክ በላይ ማጥበቅ ግን ሰበቃን ስለሚጨምር ዘንጉ ወደ መካከል መመለስ ያቅተዋል። ቁራጭ ጎማ መጠቅለል ለጊዜው ዝም ያሰኛል፤ ሆኖም የተፈጥሮ ጎማ በማዕድን ዘይትና በተራ ግራሶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ለጎማ የሚስማማው የሲሊኮን ግራሶ ነው።

በአቧራማ መንገድ ለሚሠራ ተሽከርካሪ ደግሞ የዘንጉ የጎማ ሽፋን መቀደዱ ቀላል ነገር አይደለም። በአቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከግራሶ ጋር ሲለወስ እንደ ሞረድ ይሠራል፤ አዲሱን ቦኮላም ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ ሽፋኑ ሳይለወጥ የተደረገ ጥገና ዕድሜ የለውም።

መላላቱ ችላ ከተባለ ማርሹ በሙሉ ሳይገባ ይቀርና በጉዞ ላይ ሊወጣ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ይህ ሲሆን የሞተሩ መግቻነት በቅጽበት ይጠፋል፤ ሸክሙ ሁሉ በጋለው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሚንኳኳ ዘንግ መመርመር ያለበት መኪናው ገና በሜዳው፣ በብቸና ወይም በሞጣ፣ ሳለ ነው፤ የዐባይን ቁልቁለት ከጀመሩ በኋላ አይደለም።